በገመድ የቆመ ቤት

«ስንት ሰው ነው የሚኖርበት?» ብሎ ጠየቀኝ ደረሰ፣ ልጄ።

እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ትልቅ ነጭ ወረቀት መደብ ላይ ዘርግቶ፣ በአራቱም ጥግ ጠጠር ጭኖበታል። እኔ ሽሮ እየነፋሁ ነበር። ወንፊቱን እንደያዝኩ ቆምኩ። ጥያቄው የቁጥር ጥያቄ ነው፤ ቁጥር ደግሞ በዚያን ጊዜ እስከ ሺህ አውቃለሁ። ባሌ ዘመኑ አንድ፣ እኔ ሁለት፣ ሴቷ ልጄ ያምሮት ሦስት፣ ትንሹ ቴዎድሮስ አራት። አምስተኛው ጠያቂው ራሱ ነው። ራሱን ቆጥሮ እንደሆነ ፊቱ ላይ ፈለግሁ፤ እሱ ግን ወረቀቱን ነበር የሚያየው።

«ዝም ብለህ ሰፋ አድርገህ ሣለው» አልኩት።

«እማ፣ ሰፋ የሚባል ልክ የለም። በቁጥር ንገሪኝ።»

«ሽሮው እየበነነ ነው» ብዬ ወጣሁ።

ይህ የሆነው በ2005 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ላይ፣ ፍኖተ ሰላም ነው። ከጅጋ ገጠር ወጥተን ከተማ ከገባን አሥራ አራት ዓመታችን ነበር፤ አሥራ አራቱንም ዓመት የኖርነው በኪራይ ነው። ልጆቻችሁ ሮጡ፣ ውኃ አፈሰሳችሁ፣ ምስማር መታችሁ ያላለን አከራይ የለም። ባሌ ወፍጮ ቤት ይሠራል። በዚያ ዓመት እግዜር ረድቶን አንድ አሮጌ ቤት ከነግቢው ገዛን። የፈለግነው ቦታውን ነው፤ ቤቱ የሚፈርስ ነው። ማዘጋጃ ቤቱም ፕላን አቅርባችሁ፣ አፍርሳችሁ በአዲስ ሥሩ ብሎ ፈቀደልን።

እኔ አደይ፣ በአርባ ዓመቴ፣ ይህ ግድግዳ እዚህ ይቁም፣ ያ መስኮት ወደዚያ ይዙር የምል ሰው ሆንኩ። ደስታው ምግብ ከለከለኝ። ሰው «እንደምን አደርሽ» ሲለኝ «ሳሎኑ አምስት በአራት ነው» ብዬ እመልስ ነበር። ዘመኑም ያው ነው። ዱቄት እንደለበሰ እየመጣ፣ ፕላኑን ሳያነበው አተኩሮ ያየውና «ማድቤቱ ትንሽ ወደ ግራ» ይላል። ግራው የቱ እንደሆነ ሲጠየቅ ደግሞ አያውቅም።

ከደስታው መካከል የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ እሱም ደረሰ ነው። ከቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት በቅየሳ ተመርቆ ያለ ሥራ ዓመት ሊሞላው ነው። ከጓደኞቹ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዱ መተማ፣ አንዱ ስሙን ወደማልይዘው አገር ሄደዋል። የእሱ ስልክ በጮኸ ቁጥር እኔ እደነግጣለሁ። እንዲቀርልኝ ያለኝ ዘዴ ይህ ቤት ብቻ ነበር። ስለዚህ በፕላኑ ላይ ከሁሉ በፊት ያስሣልኩት የእሱን ክፍል ነው፤ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት፣ በሩ ወደ ውጭ የሆነ ክፍል። የራሱ በር፣ የራሱ ቁልፍ ያለው ልጅ ምን ፍለጋ ይሄዳል? እንደዚያ ነበር የማስበው።

ቤቱን የሸጡልን እማሆይ ወለተ ሐና ናቸው። ባላቸው በጃንሆይ ጊዜ የሠሩት የጭቃ ቤት ነው፤ በሩ አጭር፣ መስኮቱ አንድ፣ እሱም የእጅ መዳፍ የሚያህል። እማሆይ ቡሬ ወደምትኖረው ልጃቸው ወደ ያይኔአበባ ሊሄዱ ተዘጋጅተዋል፤ «በሚቀጥለው ሳምንት» ይላሉ፤ ሳምንቱ ግን አይመጣም። እስከዚያው በጓሮ ካለው ማድቤት አጠገብ በምትገኝ አንዲት ክፍል ተቀመጡ፤ እኛም ዕቃችንን ይዘን እዚያው ማድቤት ገባን።

መፍረሱን ሲያስቡ ያዝናሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አንድ ቀን ጭንቀቴን ሳወጣው ሳቁብኝ።

«ምን አዝናለሁ ልጄ? አርባ ዓመት ሙሉ ያፈሰሰብኝ ቤት ነው። ያን ሰው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲሠራው ቆሜ ‘መስኮት ጨምር’ ብዬዋለሁ። ‘ብርድ ይገባል’ አለኝ። ብርዱም ገባ፣ ብርሃኑም ቀረ። መቼ ነው የምታፈርሱት?»

ማፍረሱን ዘመኑ በቀን ሠራተኛ እናድርገው አለ። እኔ ግን ወገን ያለን ሰዎች ነን፣ ደቦ እጠራለሁ አልኩ። ታናሽ ወንድሜ ይርሳው ጅጋ አጠገብ ያርሳል፤ እሱ ካዘዘ የአገሩ ጎበዝ ሁሉ ይመጣል። ልደውልለት ስልክ አንስቼ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥኩት። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ከሰሌዳ ገልብጬ እንጂ ከራሴ አውጥቼ ለሰው የጻፍኩት ነገር የለም። ደብዳቤ ልጽፍ ተቀመጥኩ።

ከጤና ጣቢያ ያገኘነው የግድግዳ ካላንደር ነበረን፤ የእናቶች ክትባት ሥዕል ከላይ፣ ቁጥር ብቻ ከታች። ቀን መረጥኩ። ቅዳሜና እሑድ አይሆንም። ሰኞና ማክሰኞ ዘመኑ ከወፍጮው አይላቀቅም። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ለደቦ በግ ሳላርድ ማብላት አልወድም። ሐሙስ ቀረ። ጣቴን በሐሙሶቹ ላይ ቁልቁል አወረድኩና አንዱ ላይ አቆምኩ። «የካቲት 21 ቀን ሐሙስ ጠዋት፣ መሣሪያ ይዛችሁ፣ ፍኖተ ሰላም እንድትገኙ» ብዬ ጻፍኩ። ከታች ስሜን ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስሕተት የለበትም። ወደ ጅጋ ገበያ ለሚሄድ ሰው ሰጥቼ ላክሁት።

ሐሙስ ማለዳ በጉ ታርዷል፣ ሦስት ጋን ጠላ ደርሷል። አንድ አይሱዙ በራችን ላይ ቆመና ሃያ ሦስት ወንድ አራገፈ፤ ዲጂኖ፣ አካፋ፣ ምሳር፣ አንዱም መጋዝ ይዟል። በደስታ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። በዚያው ሰዓት እማሆይ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። ሰዎቹን አዩ። ዲጂኖውን አዩ።

«እነዚህ ምን ሊሠሩ ነው?»

«ቤቱን ሊያፈርሱ፣ እማሆይ።»

«ዛሬ?»

«አዎ፣ ሐሙስ።»

«ዛሬ ማርያም ናት።»

ቀኗ ሃያ አንድ ናት። ዕድሜዬን ሁሉ ማርያም ብዬ ስጠራት የኖርኩትን ቀን፣ በቁጥር ስለጻፍኳት አላወቅኋትም። ፊቴ ተቃጠለ። ወደ ወንድሜ ዞርኩ።

«ይርሳው፣ አንተስ አላወቅህም?»

«እንዴት አላውቅም እታለም? ሁላችንም አውቀናል» አለ ረጋ ብሎ። «ግን ተጽፎ መጣ። በየካቲት ወር፣ ቀን ተቆርጦ፣ መሣሪያ ያዙ ተብሎ የሚመጣ ወረቀት የመንግሥት የእርከን ሥራ ነው። ቀረሁ የሚል ማን ነው?»

«ስሜ ከታች አለ እኮ።»

«አነበብነው። ሹመት አገኘሽ ብለን ደስ አለን።»

ሃያ ሦስቱም ሳቁ። ዘመኑ ከሁሉም በላይ ሳቀ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሳምንት ሙሉ «ክብርት ሆይ» ሲለኝ ሰነበተ።

እማሆይ ወሰኑ። ዛሬ አንዲት ጭቃ አትነሣም፤ ነገ ዓርብ ነው፣ ይሠራል፤ ቅዳሜ ደግሞ ጊዮርጊስ ነው። ሰዎቹ እዚሁ ይደሩና ነገ በአንድ ቀን ይጨርሱ። መልካም። ግን ጊዜው ገና ሁለት ሰዓት ነው፤ ወጡ አልበሰለም፤ ሃያ ሦስት ጉልበተኛ አጥር ተደግፎ ቆሟል። ደረሰ ነው መላ ያመጣው። ፕላኑን ይዞ ወጣና፣ ከማድቤቱ ኋላ ያለውን ባዶ ጓሮ አየና፣ «ቤቱን በልኩ ላሳያችሁ» አለ። ገመድና ሜትር ይዞ መጣ። ችካል ሊመታ መዶሻ ሲያነሣ እማሆይ መቋሚያቸውን አነሡ።

«ችካል መምታት ሥራ ነው።»

«መለካትስ፣ እማሆይ?»

ትንሽ አሰቡ። «መለካት ሥራ አይደለም። ነጋዴው በማርያም ቀን አቡጀዲ ይለካ የለም እንዴ?»

«ገመድ መያዝስ?»

«ገመድ መያዝ ምን ሥራ ነው? በግ የያዘ ሁሉ ሠራተኛ ሊሆን ነው?»

በዚህ ምክንያት ሰዎቹ ራሳቸው ችካል ሆኑ። ደረሰ እየለካ አንድ አንዱን ሰው በቦታው አቆመ፤ በየማዕዘኑ አንድ ሰው፣ በየበሩ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሰው፣ ገመዱን በወገባቸው ልክ ይዘው። ይርሳው የሳሎኑ ማዕዘን ሆነ። ገብረሰንበት የሚባለው፣ ረጅሙና ሁልጊዜ የሚርበው፣ በምሥራቅ በኩል የመጨረሻው ጥግ ሆነ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በወረቀት ያየሁት ቤት በሰው ላይ ቆመ።

ገባሁበት። እግዜር ያውቃል፣ በገመድ መካከል እንደቆምኩ የረሳሁት ወዲያው ነው። ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወደ ዕቃ ቤት እየተመላለስኩ በሌለ በር እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ቴዎድሮስ ክፍሉ ውስጥ ሣሩ ላይ ተጋደመና «አታውኩኝ፣ ተኝቻለሁ» አለ። ያምሮት የመስኮቷን መጋረጃ ቀለም መረጠች። ዘመኑ ከሳሎን ወደ ጓሮ ሊሄድ ገመዱን ሊራመድ ሲል ሃያ ሦስቱም በአንድ ድምፅ «ግድግዳ ነው!» አሉት። ተመልሶ በበሩ ዞረ። የበሩ ጠባቂ የሆነው ሰው «ጫማህን ጥረግ» አለው፤ እሱም ጠረገ።

ይህን ሁሉ ጫጫታ የሰማ የቀበሌ ሰው መጣ። በዚያ ዘመን ብዙ ወንድ ዲጂኖ ይዞ ሲሰበሰብ የሚጠይቅ አይጠፋም። ደብተሩን ብብቱ ሥር ይዞ «ምን ስብሰባ ነው?» አለ።

«ስብሰባ አይደለም፣ ቤት ነው» አለ ይርሳው፣ ሳይንቀሳቀስ።

«ማን ፈቀደላችሁ?»

«ማዘጋጃ ቤት» አለው ዘመኑ። «ወረቀቱን ላሳይህ። ግን በበሩ ግባ።»

ሰውዬው ገመዱን አየ፣ የቆሙትን ሰዎች አየ፣ ከዚያ ዞሮ በበሩ ገባ። ወረቀቱን አይቶ ሳይጨርስ «ማድቤቱ ከሳሎኑ አልራቀም?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ምሳ እስኪደርስ አልሄደም።

እኔ በዚህ መካከል እየሳቅሁ ዓይኔ አንድ ቦታ ላይ ነበር። የደረሰ ክፍል ባዶ ነው። ሁሉም ሰው ክፍሉን ይዟል፤ እሱ ግን ሜትሩን ጠቅልሎ ከውጭ ቆሟል።

«ደረሰ፣ አንተስ? ክፍልህ ግባ እንጂ።»

«ቆይ፣ እማ።»

በዚያው ጊዜ እማሆይ ወለተ ሐና ቀስ ብለው በውጭው በር ገቡና፣ ፀሐይ ያለበትን ጥግ መርጠው፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸውን ለፀሐዩ ሰጥተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «መስኮት ማለት ይህ ነው» አሉ፤ መስኮቱ ገመድ ነው።

«እማሆይ፣ እሱ የደረሰ ክፍል ነው» አልኳቸው።

«ይቀመጡ» አለ ደረሰ። ከዚያም ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሜትሩ እያየ፣ «እኔ እስከ መጋቢት ነው ያለሁት» አለ።

 አፋር የመንገድ ሥራ የያዘ ድርጅት ቀያሽ ፈልጎ ቀጥሮታል። ደብዳቤው ከመጣ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል። ለአባቱ ነግሮታል፤ ዘመኑ ወደ መሬት ነበር የሚያየው። ሰዎቹ ሊያጽናኑኝ ፈልገው ገመዱን መልቀቅ አልቻሉም፤ በያሉበት ቆመው ያዩኛል።

እኔ አላለቀስኩም። ወደ ገብረሰንበት ሄድኩና ክንዱን ያዝኩት።

«ገብሬ፣ ሁለት እርምጃ ወደዚያ።»

ሁለት እርምጃ ሄደ። ገመዱ ተከተለው፤ ክፍሉ ሰፋ።

«አሁንስ?» አልኩት ልጄን።

«እማ…»

«ገብሬ፣ ሌላ ሁለት።»

ገብረሰንበት ሁለት ሄደ። ከጎኑ የቆመውንም ሰው ገፋሁት። ይርሳው ገመዱ ሲወጠርበት «እታለም፣ ሳሎንሽ እየጠበበ ነው» አለኝ። ይጥበብ አልኩት። ሰዎቹን አንድ በአንድ እየገፋሁ የልጄን ክፍል አሰፋሁ፣ ገብረሰንበት ከጎረቤት አጥር ጋር እስኪጣበቅ ድረስ። እማሆይ ከመካከል ዓይናቸውን ሳይገልጡ ተቀምጠዋል።

«እማ፣ ከዚህ ወዲያ የሰው ቦታ ነው» አለ ደረሰ። «ጠቦኝ አይደለም።»

«በሩ ነው? በሩን እናዙረው።»

«በሩም አይደለም።»

«ታዲያ ምን አጎደልኩብህ?»

መጥቶ አጠገቤ ቆመ። በበሩ ነው የገባው፤ ያን ጊዜም ገመዱን አልተራመደም።

«እማ፣ ለአጎቴ ያን ደብዳቤ ለምን ጻፍሽ?»

«ለደቦው ነዋ።»

«ስልክ ነበረሽ እኮ። አንስተሽ አስቀመጥሽው። አይቼሻለሁ።»

 ለምን እንደጻፍኩ አውቃለሁ። መጻፍ ስለቻልኩ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰሌዳ የገለበጥኩትን በገዛ እጄ አንድ ቀን ልሠራበት ስለጓጓሁ፣ በመጓጓቴም ማርያምን የሚያህል ቀን አለፈኝ።

«እኔም እንደዚያ ነኝ» አለ። «ተምሬ የለካሁት ነገር ቢኖር ይህ ቤት ብቻ ነው። ደስ ብሎኛል። ግን ሌላም ልለካ።»

አንገቱን ጎትቼ አቀፍኩት። ከእኔ በጣም ረዝሟል፤ መቼ እንደረዘመ አላውቅም።

«ትጽፍልኛለህ?»

«እደውላለሁ እንጂ፣ በየሳምንቱ።»

«ስልኩ ለአባትህ ይሁን። ለእኔ ጻፍ።»

«እሺ።»

«ፊደሉን ተለቅ ተለቅ አድርገህ።»

«እሺ፣ እማ።»

«እታለም» አለ ገብረሰንበት ከወዲያ፣ በትሕትና፣ «አሁን ልመለስ? አጥሩ እየወጋኝ ነው።»

ሳቁ የጀመረው ከእማሆይ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው እንደተቀመጡ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ይርሳው፣ ከዚያ የቀበሌው ሰው፣ ከዚያ እኔ። እያለቀስኩም እየሳቅሁም ነበር፤ የትኛው እንደሚበዛ ሰው ቢጠይቀኝ አልለየውም። ገመዱ በየወገቡ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበርና ቤቱ በሙሉ አብሮን የሳቀ መሰለኝ። ያምሮት ከማድቤት ብቅ ብላ «ወጡ ደርሷል» ስትል፣ ማዕዘኖቹ ሁሉ ገመዱን ጥለው ሮጡ።

ምሳ የተበላው በሳሎኑ ቦታ ነው። ሰዎቹ አጥሩን ተደግፈው ጠላቸውን ይዘው፣ ማን ጥሩ ግድግዳ እንደነበረ ሲከራከሩ ዋሉ። ዘመኑ እኔ አጠገብ ተቀምጦ «ልነግርሽ ፈርቼ ነው» አለኝ። «እኔን ነው እሱን?» አልኩት። «አንቺን ነዋ፣ ክብርት ሆይ» አለ። ጥሩውን ሥጋ ከፊቱ አንስቼ ለቀበሌው ሰው ሰጠሁበት።

ዓርብ ገና ጎሕ ሲቀድ እማሆይ ከሁሉም ቀድመው ተነሥተው አሮጌው ቤት በር ላይ ቆመዋል። ይርሳው ዲጂኖውን ሲያነሣ «ቆይ» አሉት። እንዲባርኩ መስሎን ሁላችን ጎንበስ አልን። መቋሚያቸውን አነሡና ያቺን መዳፍ የምታህል መስኮት በኃይል ወጓት። ጭቃው ተንዶ የሰው ጭንቅላት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፈተ።

«ይኸው» አሉ፣ ለሞቱት ባላቸው ነው መሰለኝ፣ «ይህን ነበር ያልኩህ። አሁን ጀምሩ።»

ጀመሩ። ቆርቆሮው ወረደ፣ ግድግዳው ተነደለ፤ አቧራው መንገዱን ሞላና አላፊው ሁሉ ነጭ ሆኖ አለፈ። ዘመኑ ግን ዱቄት ስለለመደ ልዩነቱን አላወቀም። የጥዱ እንጨት አልነቀዘም ነበር፤ ለአዲሱ ቤት አስቀመጥነው። ቀትር ላይ ሽሮና ምስር ቀረበ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከአሮጌው ቤት የቀረው ወለሉ ብቻ ነበር፤ ሃያ ሦስቱ ሰዎች አይሱዙው ላይ ተሳፍረው እየዘፈኑ ወደ ጅጋ ተመለሱ። በማግሥቱ፣ ጊዮርጊስ ስለሆነ፣ ማንም ምንም አልሠራም። ሰኞ ዕለት ደረሰ በባዶው ቦታ ላይ እውነተኛውን ችካል መታ።

ግንበኞቹ መሠረቱን በጀመሩ በሁለተኛው ሳምንት፣ መጋቢት አሥር ቀን፣ ጠዋት በአውቶቡስ ሸኘነው። ቤቱ ክረምት ሳይገባ በግንቦት መጨረሻ ቆርቆሮ ለበሰ። ምሥራቅ በኩል ያለው ክፍል፣ በሩ ወደ ውጭ የሆነው፣ ሁለት መስኮት ተደረገለት፤ አንደኛው በፕላኑ ላይ ያልነበረ፣ እማሆይ ግንበኛውን ለብቻው ጠርተው ያስወጡት ነው። ያይኔአበባ እናቷን ልትወስድ ሁለት ጊዜ ከቡሬ መጣች፤ ሁለቱንም ጊዜ ብቻዋን ተመለሰች። ደረሰ አፋር ሄደ፤ እማሆይ ወለተ ሐና ከእኛ ጋር ቀሩ።